ሞኝ የመምሰል ጥበብ

ጁላይ 21፣ እሑድ

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ልጄ ሎሬታ ናት። «አባዬ፣ ትንሽ ትንሽ ጻፍበት፤ ለጭንቅላት ጥሩ ነው ይላሉ» አለችኝ። ለጭንቅላት! ከአካሌ ሳይሰበር የቀረ ብቸኛው ዕቃ እኮ እሱ ነው። ሁለቱም ጉልበቶቼ ብረት ናቸው፤ ቀኝ ትከሻዬ ዝናቡ ሳይመጣ ስለ ዝናቡ ያወራል፤ አፍንጫዬ ደጋግሞ ከመሰበሩ የተነሳ አሁን ኢሪ ሐይቅን ተሻግሮ ካናዳን ነው የሚያየው። ይሁን፣ እጽፋለሁ። ልጅን ማስደሰት ጽድቅ ነው።

ዛሬ የሎሬታ ልጅ፣ የልጅ ልጄ ኤመት ወደ ልምምድ ካምፕ ከመግባቱ በፊት ራት ሊበላ መጣ። የሚጫወተው እኔ ድሮ በተጫወትኩበት የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን፣ በቀጥቃጮቹ ነው። የመሃል ተከላካይ ነው፤ የባላጋራን አሰላለፍ አንብቦ «በዚህ በኩል ሊመጡ ነው» ብሎ ለጓደኞቹ የሚጮኸው እሱ ነው። ውሉ ዘንድሮ ያልቃል። አዲስ ውል ካላገኘ ወደ ቤቱ ነው።

ሎሬታ ድንች የሞላበት ፒሮጊ ስትጠብስ እኛ ስለ ጉዳት አወራን። በእኛ ዘመን የቡድኑ ወጌሻ ሙስ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲያገኝ የሚያነቃ የሚሸተት ጨው አፍንጫው ውስጥ ይሞጅርና ጣቶቹን ያነሳል። «ስንት ናቸው?» ሁልጊዜም ሁለት ናቸው። ዓይኑ የጠፋ ሰው እንኳ «ሁለት» ይላል። አንድ ቀን ሙስ ሌላው ጣቱ ቆስሎ ነበርና አንድ ብቻ አነሳ። አንድ ወፍራም አጥቂያችን በልበ ሙሉነት «ሁለት» አለ። ሙስ የራሱን እጅ አየ፣ የቆሰለውን ጣት ቀና አደረገና «ልክ ነህ፣ ግባ» አለው።

ኤመት ሳቀ። «አሁን እንደዚያ አይደለም አባባ። በካምፕ መጀመሪያ ኮምፒውተር ፊት ያስቀምጡናል። ቃላት ያሳዩናል፣ ቅርጽ ያሳዩናል፣ ቁልፍ ያስነኩናል። ውጤቱን ያስቀምጡታል። በኋላ ጭንቅላትህን ከተመታህ እንደገና ይፈትኑህና ከድሮው ጋር ያስተያያሉ። ከወረድክ አትጫወትም።»

«እንግዲያው አሁን ሞኝ ሁን» አልኩት።

«እንዴት?»

«አዛጋ። ቃላቱን እርሳ። ክቡን ሦስት ማዕዘን በለው። መሬት ላይ የተኛ ከየት ይወድቃል?»

ሁለታችንም ሳቅ ያዘን። «እስቲ አሳየኝ» ቢለኝ አፌን ከፍቼ አሳየሁት። «ይኼማ የተፈጥሮህ ነው አባባ» አለኝ። ሎሬታ ከምድጃው ዞር ብላ «አባዬ» አለች፤ እንዲያው «አባዬ» ብቻ። እንደ ቅዳሴ ልጆች ፊታችንን ሰበሰብን።


ሴፕቴምበር 8፣ እሑድ

አሸነፍን። በበርኒስ መጠጥ ቤት ከሮስኮ ጋር አየን። ሮስኮ ፔቲግሩ ድሮ ከጎኔ የሚሰለፍ ተከላካይ ነበር። አሁን ዳሌዎቹ ብረት ስለሆኑ አውሮፕላን ማረፊያ በገባ ቁጥር ደወሉ ይጮሃል፤ ዘበኞቹ በስሙ ነው የሚጠሩት። ኤመት አንዱን ሯጭ አንስቶ ሲጥለው ሮስኮ «ይሄን ከአንተ አልወረሰውም፤ አንተ ሰው የምትጥለው ስትደናቀፍ ነበር» አለኝ። እኔም «አንተማ ስትሸሽ ነበር ሰው የሚደናቀፍብህ» አልኩት። ደስ የሚል ቀን።


ሴፕቴምበር 19፣ ሐሙስ

ኤመት የጭኑ ጅማት ተስቦ እሑድ አይሰለፍም አሉ። ጅማት! እኔ የትከሻዬ አጥንት ተሰብሮ እጄን ከደረቴ ጋር በፕላስተር ጠምጥመውልኝ ተጫውቻለሁ። ከጨዋታው በኋላ ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ፕላስተሩን ስታነሳ የደረቴ ፀጉር አብሮ ሄደ፤ ያን ቀን ያለቀስኩት ለፀጉሩ ነው።

ስለዚህ ገበያ ሄጄ ሮዝ የሕፃን ብርድ ልብስና ጡጦ ገዛሁ። በክለቡ አድራሻ ላክሁለት። ካርዱ ላይ «ለጭኑ። ሲያድግ ኳስ ይጫወታል» ብዬ ጻፍኩ። ከፖስታ ቤት እየሳቅሁ ስወጣ መኪናዬን አጣኋት። ሌባ ወሰዳት ብዬ ልጮህ ስል ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁት፤ ኪሴ ውስጥ ያለው የቤት ቁልፍ ነው። ለካ በእግሬ ነበር የመጣሁት። ይህን ለሎሬታ አልነግራትም፤ ቀልድ አይገባትም።


ሴፕቴምበር 23

ብርድ ልብሱን መልበሻ ክፍል ውስጥ ሰቅለውታል! ጓደኞቹ ሁሉ «ሕፃኑ፣ ሕፃኑ» ይሉታል አሉ። ኤመት ራሱ ደውሎ ነገረኝ፣ እየሳቀ። እየሳቀ ነበር፣ አዎ።


ሴፕቴምበር 29፣ እሑድ

ሐኪሙ ሌላ ሳምንት ዕረፍ ቢለውም ኤመት እምቢ ብሎ ገባ። ደም የት ይሄዳል። በርኒስ አንድ ቢራ በነጻ ሰጠችኝና «ለአያቱ» አለች። ሮስኮ ቢራዬን አየና «አንተ ቤትህ ተኝተህ፣ ልጁ እያነከሰ፣ ቢራው ላንተ» አለ። ምቀኛ ነው።


ኦክቶበር 6፣ እሑድ

ፈጥኜ ልጻፍ። ሎሬታ ስልክ ላይ ናት። የአንድ ባላጋራ ሯጭ ጉልበት ከኤመት ሄልሜት ጋር ተጋጨ። ወደቀ። እጁ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ተነሳ። ደህና ነው። ሲነሳ ወደ ባላጋራ ተቀያሪዎች ሄዶ ወንበራቸው ላይ ሊቀመጥ ነበር፤ ልጁ ቀልደኛ ነው። ዛሬ ዛሬ፣ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን የተመታ ካለ በአቅራቢ መነጽር የሚያይ ሰው አላቸው፤ ያ ሰው አስወጣው። ሎሬታ እያለቀሰች ነው። ምን ያስለቅሳል፣ ሁለት እግሩ ላይ ቆሟል።


ኦክቶበር 9፣ ረቡዕ

አለፈ! የኮምፒውተሩን ፈተና አለፈ። ሐኪሞቹ «ከካምፑ ውጤት ምንም አልወረደም» ብለው ፈረሙለት። እሑድ ይሰለፋል። በርኒስ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ቋሊማ ጋበዝኩ። ስለ ሙስ ጣቶች ነገርኳቸው፤ አንዱ «ባለፈው ሳምንትም ነግረኸናል» አለኝ። እንግዲህ ጥሩ ቀልድ እንደ ጥሩ ዘፈን ነው፣ ይደጋገማል።

ሮስኮ ቋሊማውን እያላመጠ «በካምፑ ስንት አምጥቶ ነበር?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ?»

«አስተማሪው አንተ አይደለህ እንዴ? ያኔ ለአገር ሁሉ ስታወራ አልነበር?»

«አለፈ አሉ እኮ ሮስኮ።»

«ሞኝ ሆኖ የተፈተነ ሰው ሞኝ ሆኖ ቢያልፍ ምን ይገርማል» አለና ሰናፍጩን ጠየቀኝ። ሰናፍጩን አቀበልኩት። እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ቋሊማው ከብዶኝ መሆን አለበት።


ኦክቶበር 11

ዛሬ ወተት ልገዛ ወጥቼ ሌላ ግዛት፣ ኦሃዮ ገባሁ። ቀኑ ብሩህ ነው፣ ዛፎቹ ቀልተዋል፣ መንገዱ ደስ ሲለኝ ጊዜ ነዳሁት። አንድ ወጣት ፖሊስ ከኋላዬ መጥቶ በትሕትና አሳደረኝ፤ ማለቴ አስቆመኝ። «ወዴት እየሄዱ ነው አባቴ?» ቢለኝ «ወተት ፍለጋ» አልኩት። መንጃ ፈቃዴን ሲያይ «ካዝሚር ዱዴክ? ቀጥቃጩ ካዝ?» አለ። አባቱ ያደንቀኝ ነበር። በመኪናው እየመራ እስከ ቤቴ አደረሰኝ፣ እንደ ሚኒስትር። ወተቱ ተረሳ።

ሎሬታ ማታ መጥታ የኩሽና መደርደሪያው ሁሉ ላይ ወረቀት ለጠፈች፤ ሳህን፣ ሲኒ፣ ስኳር። ስትሄድ እኔ ተነስቼ ወረቀቶቹን አቀያየርኳቸው። ሳህን በስኳር፣ ሲኒ በድስት። ሌላ ቀን ስትመጣ ፊቷን ለማየት ጓጉቻለሁ።


ኦክቶበር 12

ጠዋት ሲኒ ፍለጋ ግማሹ ቀን ሄደ። የገዛ ወጥመዴ ያዘኝ። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ ሳቅሁ።


ኦክቶበር 13፣ እሑድ

አሸነፍን። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከጎኑ የሚሰለፈው ሃያ አራት ቁጥር፣ ቴሬል የሚሉት ልጅ፣ ኳሱ ሊለቀቅ ሲል ኤመትን በወገቡ ይዞ ወደ ቦታው ያዞረዋል። አንዴ አይደለም። የሚጮኸውም ኤመት ሳይሆን ቴሬል ነው።

«ለምንድን ነው የሚይዘው?» አለኝ ሮስኮ።

«ፍቅር ነው።»

ሮስኮ አልሳቀም። እኔና እሱ ይህን ተንኮል እናውቀዋለን። ድሮ ሮስኮ ራሱ ግማሽ ጨዋታ ሙሉ እኔን በቀበቶዬ እየጎተተ አጫውቶኛል፤ የዚያን ቀን ማሸነፋችንን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። በሳቅ ነው የምናወራው ይሄን ሁሌ። ዛሬ አላወራነውም።


ኦክቶበር 24፣ ሐሙስ

ኤመት ደወለ። «እናቴ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» ስለ ዓሣ አወራን፣ ሐይቁ ዘንድሮ ዓሣ ሰጥቷል። «እናቴስ፣ ደህና ናት?» አለኝ። «ደህና ናት» አልኩት። ከዚያ ስለ ሙስ ጣቶች ነገርኩት። «አባባ፣ አሁን ነገርከኝ እኮ» አለ። «አንተም እናትህን ሁለቴ ጠየቅኸኝ፣ አቻ ነን» አልኩት። ሳቅን።

ልለው የፈለግሁት «ተው፣ ውጣ» ነበር። ከአፌ የወጣው «ብርድ ልብሱ ይሞቃል?» ነው። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች ይላሉ፤ የእኔዋ ደግሞ ልምምድ አላት።


ኖቬምበር 10፣ እሑድ

ተሸነፍን። ኤመት ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሄዱ እሱ ብቻ ወደ ግራ ሄደ። ብቻውን፣ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ሰው የሌለበት ቦታ ሲጠብቅ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ መጀመሪያ የሳቅሁት እኔ ነኝ መሰለኝ።

ሮስኮ ኮቱን ለበሰና ጆሮዬ ስር መጣ። «ካዝ፣ እኔና አንተን የሚያስቀን ሰው አልነበረንም፤ ራሳችን ነን የገባንበት። ይሄን ልጅ ግን እያሳቅህ ነው የምትገድለው።» ሄደ። ሒሳቡን ሳይከፍል ሄደ፤ ይሄ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።


ኖቬምበር 14

ደወልኩ። አላነሳም።

ደወልኩ። አነሳ። «ራስህን ያምሃል?» «አያመኝም።» «ብርሃን ያስጠላሃል?» «አባባ፣ ወጌሻ ሆንክ?» «ስንት ጣት ነው ያነሳሁት?» «በስልክ?» «መልስ።» «ሁለት።» ልክ ነበር፤ ሁለት ነበር ያነሳሁት። ይሄ ልጅ የእኔ ነው፣ ወይ መከራ።


ኖቬምበር 28፣ የምስጋና ቀን

ረጅም እጽፋለሁ ዛሬ፤ ጠዋት ስነሳ እንዲኖረኝ።

የበዓሉ የቱርክ ዶሮ እንደ ወርቅ ሆኖ ነበር። ኤመት ጥቁር መነጽር አድርጎ ከመስኮቱ ርቆ ተቀመጠ። ሎሬታ ሹካ ስትጥል ጥርሱን ነከሰ። «ትናንት አምሽቼ ነው» አለ። የማምሸት ነገር አይደለም። ሳህኑን አንስቶ ምድር ቤት ወረደ፣ ጨለማ ስለሆነ። ተከተልኩት። ደረጃው ላይ ጉልበቶቼ እየተንቋቁ ሲመጡ «ሌባ ብትሆን ኖሮ በረሃብ ትሞት ነበር» አለኝ። ደስ አለኝ። የሚሳደብ ልጅ አልሞተም።

«ና ጨዋታ እንጫወት» አልኩት። «አምስት ቃል እሰጥሃለሁ፣ አምስት ቃል ትሰጠኛለህ። የዱባውን ፓይ ከበላን በኋላ እንጠያየቃለን። የተሸነፈ ሳህን ያጥባል።»

«ይሄ የሕፃን ጨዋታ ነው።»

«አንተ ምንድን ነህ ታዲያ?»

ሰጠሁት። ሰጠኝ። ወጥተን ፓይ በላን፤ ሎሬታ ክሬም ስትጨምርልኝ እኔ በሆዴ እደግማለሁ፣ ኤመትም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሁለታችንም እንደ ጸሎተኛ። ተመልሰን ወረድን።

«ጀምር» አልኩት።

«መሰላል» አለ። «መሰላል... ደወል።» ጣቶቹን ቆጠረ። «ሽንኩርት ነበር?» ሽንኩርት አልነበረም። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

«አንተስ?»

«ጀልባ» አልኩ በኩራት።

«ጀልባ አንተ ለእኔ የሰጠኸኝ ነው አባባ።»

ታዲያ ሁለታችንም ሳቅ ፈነዳን። እንባችን እስኪወርድ፣ የልብስ ማጠቢያውን ተደግፈን። ሎሬታ ከላይ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሳቁ አለቀ። ማንም ሌላ ሳቅ አላመጣም።

ኤመት መነጽሩን አወለቀ። «አባባ፣ አውቀህ ነው አይደል? እየቀለድክ ነው?»

«አንተስ?»

መሬቱን አየ። «ቴሬል ባይኖር የት እንደምቆም አላውቅም» አለ። «ያኔ በካምፑ እንደነገርከኝ አደረግኩ። ሞኝ ሆንኩ። አሁን ስፈተን ሞኝ መሆን አላስፈለገኝም፤ የቻልኩትን ያህል ሞከርኩ አባባ፣ ከምሬ፣ ልክ ያንኑ ውጤት አመጣሁ።»

እኔ አፈኛው፣ እኔ የበርኒስ ቤት ንጉሥ፣ አንድ ቀልድ አልመጣልኝም። ፈልጌ ነበር። ከዚያ «እንዋዋል» አልኩት። «ሰኞ አንተ ለሐኪምህ ስለ ካምፑ ፈተና ትናገራለህ። እኔ ደግሞ እናትህ ዓመት ሙሉ የምትለምነኝ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ቃሉን ያጠፈ የሮስኮን እኅት ያገባል።»

«የሮስኮ እኅት ሰማንያ ዓመቷ ነው።»

«ለዚያ ነው እንዳታጥፍ የምልህ።»

«ውሌ ይቀራል አባባ። ይህን ከተናገርኩ አይወስዱኝም።»

«እሺ» አልኩት። «እሺ፣ ይቀር።»

እጅ ተጨባበጥን። እጁ ከእኔ ይበልጣል። ሳህን ሁለታችንም አጠብን፤ ተሸናፊው አልታወቀማ።


ዲሴምበር 2፣ ሰኞ

ተናገረ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከጨዋታ አወጡት። አሰልጣኙ በሩን ዘጋበት አሉ። ሐኪሙ ግን አቀፈው።


ዲሴምበር 5

ቃሌን ጠበቅሁ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ጫማዋ ደስ ይላል። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ስትለኝ «አንቺ የምትሠሪበት፣ እኔ የምቀልድበት» አልኳት። ሳቀችና ጻፈች። ሰዓት ሳል አለችኝ፤ ሳልኩ። አንዳንዱ ቁጥር ከሰዓቱ ወጥቶ ውጭ ቆመ፣ ነፋስ ሊቀበል። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ሎሬታ ስለጻፈችው እኔ እዚህ መድገም አያስፈልገኝም። የመኪናዬን ቁልፍ ሎሬታ ወስዳለች። ኦሃዮ ትናፍቀኛለች።


ዲሴምበር 11

ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ስለ ኤመት ያወራል። አንዱ ደዋይ «የዛሬ ልጆች ከስኳር የተሠሩ ናቸው፤ የአያቱ ዘመን ሰው ቢሆን ራሱን በእጁ ይዞ ይጫወት ነበር» አለ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ በርኒስ ቤት የሚቀመጠው ቡርት ነው፣ ጋራዥ ያለው። የሚናገረውን ከእኔ ነው የሰማው፣ ቃል በቃል። ሬዲዮውን አጠፋሁ። ከዚያ አበራሁት፤ ማጥፋቴን ረስቼ አይደለም፣ ሙዚቃ ፈልጌ ነው።


ዲሴምበር 22፣ እሑድ

ዛሬ ኤመት በርኒስ ቤት ከእኔና ከሮስኮ ጋር ጨዋታውን ሊያይ መጣ። ያለ መነጽር። ሲገባ በርኒስ ብቻ «ቢራ ነው ሻይ?» አለችው። «ሻይ» አለ። ከጀርባ ሳቅ ተሰማ።

ጨዋታው ሲጀመር ግን ልጁ ሲኒውን ይዞ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ፣ «ወደ ግራ ይሮጣሉ» አለ። ወደ ግራ ሮጡ። «አሁን ረጅም ይወረውራል።» ረጅም ወረወረ። «ይሄ ማታለያ ነው፣ መሃሉን ተዉት።» ማታለያ ነበር። ሮስኮ በክርኑ ጎኔን ወጋኝ፤ እኔ እንደ ሕፃን በወንበሬ ላይ እንጣጥ እንጣጥ እላለሁ። ሁሉንም ያያል። ቴሬል ሳይይዘው ያያል። ለምን ይህን ያህል ደስ እንዳለኝ አላውቅም፤ እየተሸነፍን ነበር እኮ።

ስንሸነፍ ቡርት ማሊያውን እየጎተተ መጣ። «ይኸው፣ አንተ ሻይ ስትጠጣ ቤታችን ፈረሰ» አለው ኤመትን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ካዝ፣ እስቲ ንገረው። አንተ ብትሆን ትወጣ ነበር?»

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ቀልድ ይጠብቃሉ፤ ለዓመታት ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ኤመት ሲኒውን ነው የሚያየው።

«አልወጣም ነበር» አልኩ።

«አላልኳችሁም» አለ ቡርት።

«እንዴት እወጣለሁ ቡርት? በሩ የት እንዳለ አላውቅማ። ሮስኮም አያውቅም ነበር፣ ማንኛችንም አናውቅም ነበር። ይሄ ልጅ ብቻ ነው ያገኘው። አሁን ከፊቱ ዞር በል፤ ሻዩ እየቀዘቀዘበት ነው።»

ሮስኮ መጀመሪያ ሳቀ፣ በርኒስ ቀጥላ፣ ከዚያ የቤቱ ግማሽ። ሌላው ግማሽ አልሳቀም፤ ግማሽ ይበቃል። ኤመት ሻዩን ጨረሰ። ውል ከየትም አልመጣም፣ ምናልባትም አይመጣም። ሎሬታ ግን አሁን እንቅልፍ ትተኛለች።

ስንነሳ ኮቴን ለብሼ፣ ለሁሉም እጄን አውለብልቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ውጭ ሄድኩ። ኤመት ክንዴን ያዘኝ። «በዚህ በኩል ነው አባባ» አለኝ ቀስ ብሎ።

የከፈትኩት የኩሽናውን በር ነበር። እኔማ አውቄ ነው፤ ምግብ አብሳዩን ሰላም ልለው ነበር። ሰላምም አልኩት። ደግ ሰው ነው፣ የተረፈ ቋሊማ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ኤመት ክንዴን ሳይለቅ በትክክለኛው በር አወጣኝ። ውጭ በረዶው ጀምሯል፤ ቋሊማውን እዚያው ቆመን እየተሻማን በላነው።